2.51 ይዞ ሕክምና የገባው መምህር

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ስሙን አልጠቅስም። የተማረበትን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በኋላ የተቀበለውን የሕክምና ትምህርት ቤት አልጠራም፤ እሱ የጠየቀኝ እንደዚያ ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ከቡሬ ወደ ባህር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ከተማ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ኬሚስትሪ። በባዮሎጂ ሲመረቅ ውጤቱ ከ4 ነጥብ 2.51 ነበር። ዛሬ ጠቅላላ ሐኪም ነው።

የምጽፈው ዝቅ ባለ ውጤት ተመርቀው ቤት ለተቀመጡ ልጆች ነው። «በዚህ ግሬድ ማን ይቀበለኛል?» ብለው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ብዙ አሉ። አንዳንዶቹን አስተምሬያቸዋለሁ። ያንገበግበኛል። ስለዚህ ነገሩን ከነቁጥሩ ላስቀምጠው።

ያልመረጠው ትምህርት

የተወለደው ደምበጫ አካባቢ ገጠር ነው። ቀለም የሚገባው ልጅ እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ይናገራሉ። 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ሕክምናን አንደኛ ምርጫ አድርጎ ሞላ። ነጥቡ አላደረሰውም። በ2002 ባዮሎጂ ተመደበ፣ ያውም ከቤቱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚወስድ ዩኒቨርሲቲ።

በአገራችን ወደ ሕክምና የሚገባው በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል ተነስቶ ነው። መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይዞ ከዚያ ሕክምና መማር በሌሎች አገሮች የተለመደ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ ያ መንገድ ለረጅም ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2004 ግን ጤና ጥበቃና ትምህርት ሚኒስቴር የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ጀመሩ። በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በአራት ዓመት ተኩል ሐኪም የሚያደርግ ነበር። 13 ተቋማት ጀመሩት። የኔ ባልደረባ የተመረቀው በዚያው በ2004 ነበር። በሩ ሲከፈት እሱ 2.51 ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

ከተመረቀ በኋላ የመምህርነት ሙያ ዲፕሎማውን፣ ፒጂዲቲ የምንለውን፣ በ2005 ጨረሰ። እዚያ ያመጣው 3.7 ነው። በ2006 እኛ ትምህርት ቤት ተመደበ።

ስቱደንት ኮፒውን ስናነበው

ስለ ሕክምና ሐሳቡ የነገረኝ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ኮሌጅ ማስታወቂያ አውጥቶ አመልክቶ ነበር። ማስታወቂያው ቢያንስ 2.75 ይጠይቅ ስለነበር ገና በማጣሪያው ወደቀ። ከዚያ በኋላ አንገቱን ደፋ። «ተወው፣ እኔ የተጻፈልኝ ቾክ ነው» አለኝ።

ስቱደንት ኮፒውን፣ ማለትም የየሴሚስተሩን የውጤት ዝርዝር፣ እንዲያመጣ ጠየቅሁት። እያንዳንዱ ሴሚስተር 17 ክሬዲት ነበር። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ 1.88፣ 2.06፣ 2.24፣ 2.41፣ 3.12፣ 3.35።

ቁጥሮቹን በተርታ ስታያቸው ሌላ ሰው ይታይሃል። ኩሙሌቲቩ፣ የሁሉም ሴሚስተሮች አማካይ፣ 2.51 ነው የሚለው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሴሚስተሮች ብቻቸውን 2.15 ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ከ3.2 በላይ ናቸው። አንድም ሴሚስተር ወደኋላ አልተመለሰም። ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ነው የኖረው።

ከዚያ ካልኩሌተር አወጣሁና ሌላ ነገር አሰላሁለት። የመጨረሻውን ዓመት 34 ክሬዲት በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ኤ ቢያመጣስ ኖሮ? የመጀመሪያዎቹ አራት ሴሚስተሮች 146 ነጥብ ነበራቸው። 34 ክሬዲት በ4 ሲባዛ 136 ነው። ድምሩ 282፤ ለጠቅላላው 102 ክሬዲት ሲካፈል 2.76። የዓመቱን ኤ ሁሉ ጠራርጎ ቢወስድ እንኳ ያንን ማጣሪያ የሚያልፈው በ0.01 ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሲያይ ዝም አለ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር እንዲገባው ነበር። መጀመሪያ ላይ የተበላሸ አማካይ ኋላ ላይ በጉብዝና አይስተካከልም። ክሬዲቱ አንዴ ተቆጥሯል። ስለዚህ በቁጥሩ እየተብሰለሰሉ ዓመት መጨረስ ጉልበት ማባከን ነው። ቁጥሩ ላይ ሌላ ነገር መደረብ ግን ይቻላል፦ የመግቢያ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ከምረቃ በኋላ የተወሰደ ትምህርት። እሱ በእጁ የነበረው ይህ ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር?

ለምን ዝቅ እንዳለ ስጠይቀው ወዲያው የአባቱን ሕመም አነሳ። እውነት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አባቱ አንጀታቸው ዞሮ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። ልጁ ሚድ ፈተና ጥሎ መጥቶ አስታሟል። አባቱ ድነዋል፤ ዛሬም ጤፋቸውን ያርሳሉ።

ነገር ግን የአባት ሕመም አንድ ሴሚስተር ያስረዳል፤ አራቱን አያስረዳም። ይህን ስነግረው ቅር አለው። እየቆየ ግን ራሱ ማውራት ጀመረ። ባዮሎጂን አልፈለገውም ነበር። «የተመደብኩበት እንጂ የኔ አይደለም» እያለ አንድ ዓመት ተኩል ሌክቸር ክፍል ውስጥ በአካል ብቻ ተቀምጧል። እንግሊዝኛውም ከብዶታል፤ ገጠር ትምህርት ቤት ተምሮ በአንዴ ሙሉ ሌክቸር በእንግሊዝኛ መከታተል ቀላል አይደለም። አጠናኑም ሽምደዳ ነበር። ፋይናል ሲደርስ ሀንድአውቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል ያድራል፣ በማግስቱ ግማሹ ይጠፋዋል።

የተቀየረው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ፓራሳይቶሎጂ የሚባለውን ኮርስ ሲወስድ ነገሩ ሁሉ ከሰፈሩ ጋር ተገናኘ። ወባው፣ ብልሃርዚያው፣ የአንጀት ትሉ፣ ሁሉም ደምበጫና ቡሬ ቆላ የሚያውቃቸው ናቸው። ያኔ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ላይብረሪ መግባት ያዘ። ከሦስት ልጆች ጋር ሆነው ያለፉ ዓመታትን ፈተና እየሠሩ አንዱ ለሌላው ማስረዳት ጀመሩ። ውጤቱ 3.12 እና 3.35 ነው።

ይህንን ሁሉ የምዘረዝረው በምክንያት ነው። ዝቅተኛ ውጤት ይዞ የሚያመለክት ሰው «ችግር ነበረብኝ» ብሎ ቢያቆም ውኃ አያነሳም። ችግር የሌለበት ተማሪ የለም። መራጩ ማወቅ የሚፈልገው ያ ችግር አሁን የት እንዳለ ነው። ምክንያቱ አንተው ውስጥ ከነበረ፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ያንን መናገር አያሳፍርም።

ኬሚስትሪ

ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር ነበር፦ ጄኔራል ኬሚስትሪ ዲ። ኦርጋኒኩ ሲ። የሕክምና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ባዮኬሚስትሪ ነው፣ ፊዚዮሎጂ ነው፣ ፋርማኮሎጂ ነው። ኬሚስትሪን ዘሎ ማለፍ የለም። የሕክምናው መግቢያ ፈተና ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲውድ እንደሚይዝ ስናውቅ ሥራችን የት እንዳለ ግልጽ ሆነ።

ባዮሎጂውን በየቀኑ ስለሚያስተምረው አልከበደውም። 11ኛና 12ኛ ክፍልን በደንብ የሚያስተምር ሰው ለፈተናው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ለኬሚስትሪው ግን ያደረገውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ክፍለ ጊዜ ሲተርፈው የኔ ክፍል ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ፣ ከራሱ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ተማረ። መጀመሪያ ልጆቹ ዞር እያሉ ያዩት ነበር። አንዷ «ቲቸር፣ አንተም ትፈተናለህ እንዴ?» አለችው። «አዎ፣ ካንቺ ጋር ነው የምፈተነው» አላት። ከዚያ በኋላ ማንም አልገረመውም። እንዲያውም ልጆቹ የበለጠ ይጠይቁ ጀመር።

የሞላሪቲ ትምህርት ላይ ደርሰን ነበር። ሞል፣ ሞላሪቲ፣ መቶኛ ይምታታበት ነበር። ቀመሩን ያውቀዋል፤ ግን ነፍስ የለውም። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ የተሰቀለለት ከረጢት ላይ 0.9 በመቶ የሚል አንብቤ ነበር። ምን ማለት ነው?» ቁጭ ብለን ሠራነው። 0.9 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው ነው። በአንድ ሊትር 9 ግራም። የሶዲየም ክሎራይድ የሞል ክብደት 58.5 ነው። 9 ለ58.5 ሲካፈል 0.154 ሞል፣ ወይም 154 ሚሊሞል በሊትር። ለምን ይህ ቁጥር ሆነ? ቀይ የደም ሴል እንዳይነፋም፣ እንዳይጨማደድም። ይህን ክፍል እኔ ሳልጨርስ እሱ ጨረሰው፤ ኦስሞሲስን ለ11ኛ ክፍል ሲያስተምር ነበር የቆየው።

ከዚያ ቀን በኋላ ኬሚስትሪ ውስጥ መንገዱን አገኘ። ፒኤች ሲነሳ ስለ ደም ጠየቀ። ባፈር ሲነሳ ስለ ሳንባ ጠየቀ። የድሮው ዲ የመጣው ችሎታ አንሶት አልነበረም። ትምህርቱ ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ ስለተነገረው ነበር።

ወረቀቱና ሰዎቹ

ዝግጅቱ ፈተናውን ብቻ አልነበረም። ፒጂዲቲ ሲማር የፈረመው የአገልግሎት ውል ስለነበር ያለ መልቀቂያ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ደብዳቤው ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ወረዳ ሲመላለስ ከረመ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክም የወጪ መጋራቱ ጉዳይ መቋጨት ነበረበት። ለዚህ ሁሉ ነው ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ የማይጠቅመው። ማስታወቂያ ወጥቶ ምዝገባው በአጭር ቀን ይዘጋል፤ ወረቀት ደግሞ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። እሱ ደብዳቤዎቹን ማሳደድ የጀመረው ማስታወቂያው ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው።

ገንዘቡን በመምህራን ዕቁብ አጠራቀመ። ደሞዝ ሊቋረጥ ነው፤ ታናናሾቹም እሱን ያያሉ። እናቱ «ልጄ፣ ሥራ ይዘህ ሳለ እንደገና ተማሪ ልትሆን?» ብለው አዝነው ነበር። አባቱ ናቸው የደገፉት።

በዚህ መሃል «ውጤቱን ከፍ አድርጌ ወረቀት አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ቀርቦታል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየከተማው አሉ። ልጆች፣ እባካችሁ ከዚህ ራቁ። ኦፊሻል የሚባለው ከሬጅስትራር ቀጥታ ወደ ተቀባዩ ተቋም የሚላክ ነው። የመግቢያ ቀን ባይታወቅ በሦስተኛ ዓመት ይታወቃል፣ ያኔ ባይታወቅ ሥራ ስትቀጠሩ ይታወቃል። ያኔ የሚጠፋው ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ ሰው መሆናችሁም አብሮ ይጠረጠራል። 2.51 ንጹሕ ነው። በንጹሕ 2.51 ማመልከት ይቻላል።

ቃለ መጠይቁ

በ2007 የወጣው ሌላ ማስታወቂያ ዝቅተኛው ውጤት ላይ እንደ መጀመሪያው አልጠበቀም ነበር። ፈተናውን ጥሩ አድርጎ አለፈ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራ።

ለዚህ ተለማምደን ነበር። እኔ መርማሪ ሆኜ፣ እሱ ተመርማሪ። መጀመሪያ ላይ ስለ ውጤቱ ስጠይቀው ንግግሩ ይረዝም ነበር። አባቱ፣ ርቀቱ፣ ምደባው፣ ድህነቱ። እየሰማሁት እንኳ ሰበብ ይመስለኝ ጀመር፤ ሁሉም እውነት ሆኖ ሳለ። ስለዚህ እያሳጠርነው ሄድን። በመጨረሻ ሦስት ነገር ቀረ፦ ምን ሆነ፣ ምን ተቀየረ፣ ማስረጃው የት አለ።

የጠበቀው ጥያቄ መጣ። ከተቀመጡት አንዱ መምህር ትራንስክሪፕቱን ገልጠው «በዚህ ውጤት የሕክምናን ጫና እችላለሁ ብለህ ታስባለህ?» አሉት። የመለሰው፣ ለኔ እንደነገረኝ፣ ይህን ያህል ነው። «የመጀመሪያ ዓመት ማጥናት አላውቅም ነበር፤ ትምህርቱንም አልፈለግሁትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አጠናኔን ቀየርኩ። የመጨረሻው ሴሚስተር 3.35 ነው፣ ፒጂዲቲው 3.7 ነው። ኬሚስትሪ ዲ አለኝ፤ የናንተን ፈተና ኬሚስትሪ ግን አይታችሁታል።» ሰውየው ወረቀቱን ለጎናቸው አሳለፉት። ቀጣዩ ጥያቄ ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለገ ነበር። ውጤቱን ደግሞ ያነሳ አልነበረም።

በ2008 ገባ።

ከገባ በኋላ

ይህን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም፤ ቀላል አልነበረም። ትምህርቱ በሞጁል ነው የሚሰጠው፤ አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ባዮኬሚስትሪው ተቀላቅሎ በየሥርዓተ አካሉ ይመጣል። ከታማሚ ጋር መገናኘትም ቶሎ ይጀመራል። ክፍሉ ውስጥ ዓመታት የሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነበሩ። እነሱ መርፌና ካርድ ያውቃሉ፤ እሱ ግፊት መለካት እንኳ አዲስ ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ላይ ከመሃል በታች ነበር። ደውሎ «እንደገና 1.88 ሊሆን ነው» ብሎኛል።

አልሆነም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያገኛትን ዘዴ ይዞ ገባ፤ ከሁለት ነርሶች ጋር ተቧደነ። እነሱ ክሊኒካሉን ያሳዩታል፣ እሱ ጄኔቲክስና ኢሚውኖሎጂ ያስረዳቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪም መምህርም ሆኖ ስለነበር ማስረዳት ይችልበታል። ወረደ ሳይባል ጨረሰ። የሙያ ብቃት ምዘናውንም አለፈ። አሁን እዚሁ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ይሠራል።

ደሞዙን አታንሱብኝ ይላል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ክፍያቸው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐኪም መሆን የሀብት መንገድ መስሎት የሚዘጋጅ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ዛሬ ለሚያመለክት

ያኔና ዛሬ አንድ አይደሉም። አሁን ከ12ኛ ክፍል የሚመጣው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርስ ከወሰደ በኋላ ነው ወደ ሕክምና የሚመደበው። ስለዚህ ፍሬሽ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ዕድሉን የሚያገኘውም የሚያጣውም። የኔ ባልደረባ በ1.88 የጀመረው ያኔ ስለነበር ነው የተረፈው ማለት ይቻላል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና መውሰድና 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ይህ ለብዙዎች ፈተና ነው፤ ዝቅተኛ ግሬድ ላለው ግን ማስረጃም ነው። 2.4 ይዞ በመውጫ ፈተና 80 ያመጣ ልጅ በእጁ የሚያሳየው አገር አቀፍ ቁጥር አለው።

የመጨረሻዎቹ ሴሚስተሮቹም ዝቅ ያሉ ሰው ቢመጣብኝ የምነግረው ሌላ ነው። አሁን አታመልክት። መጀመሪያ ሌላ ነገር ተማርና ውጤት አምጣ፣ ማስተርስም ይሁን የሙያ ዲፕሎማ። ያለዚያ ፈተናውን ብታልፍ እንኳ ውስጥ ገብተህ ትቸገራለህ። ሕክምና ውስጥ መውደቅ ከአራት ዓመት ዕድሜ ጋር ነው።

በግጭቱ ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው የክልላችን ልጆች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመ፣ መንገድ ተዘግቶ ምዝገባ ያመለጠው፣ ሴሚስተር መሃል የተቆረጠበት ልጅ ትራንስክሪፕት ላይ ክፍተት ይኖራል። ያንን ክፍተት የሚያስረዳ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሬጅስትራር አሁኑኑ ያውጣ። ከዓመታት በኋላ የሚያስታውስ ኃላፊ ላይኖር ይችላል።

ለሚመርጡት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የማመልከቻ ቅጹ ላይ ኩሙሌቲቭ የሚል አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከጎኑ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች የሚጠይቅ ሌላ ቦታ ይጨመርበት። የመጀመሪያው ኮሌጅ ቅጽ ያ ቦታ ቢኖረው ኖሮ ይህ ሰው ቀደም ብሎ ሐኪም ሊሆን ይችል ነበር።